ልገዛው ያሰብኩት ማዝዳ አርኤክስ-7 የኋላ ሮተሩ አጠራጠረኝ

የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 ለመግዛት እየተደራደርኩ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ባለ 1.3 ሊትሩ ነው፤ ሁለት ሮተር (በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ጎን ብረት)፣ ሁለት ቱርቦ። ቀለሙና ወንበሩ ያምራሉ፤ እነሱን ማንም ያሳምራቸዋል። ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይነሳል። ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ሞተሪኖው ብዙ ካልለፋ አይነሳም።

ለሮተር ሞተር የተሠራውን መለኪያ ስላላገኘሁ ተራውን የኮምፕሬሽን መለኪያ ተጠቀምኩ። ግፊቱን አፍኖ የሚይዘውን ትንሽ ቫልቭ አውጥቼ በካንዴላው ቀዳዳ አሰርኩትና የቀስቱን ምት ተመለከትኩ። የፊተኛው ሮተር ሦስቱም ምቶች እኩል ናቸው። የኋለኛው አንዴ ጠንክሮ ይመታና ሁለቴ ይልፈሰፈሳል። ባትሪ ቀይሬ ደገምኩት፤ ያው ነው። በሮተሩ ማዕዘን ላይ ያለው አንድ የጫፍ ማሸጊያ ሁለት ጎኖችን ስለሚያዋስን ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ነው።

ባለቤቱ «ለረጅም ጊዜ ስለቆመ ማሸጊያው በካርቦን ተጣብቆ ነው፤ ሲነዳ ይላቀቃል» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ሻጭ ግን መቼ የራሱን ዕቃ ያማል?

ሞተሩ ሳይፈታ፣ ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት፣ የተጣበቀ ማሸጊያን ካለቀ ወይም ከተሰበረ የምለይበት አስተማማኝ መንገድ ምንድን ነው?