በቡጅ ቢም ኮዋላዎችን ከሄሊኮፕተር መግደል ተገቢ ነበር?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መብረቅ ያስነሳው እሳት በደቡብ ምዕራብ ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ፣ የቡጅ ቢም ብሔራዊ ፓርክን ከ2,000 ሄክታር በላይ አቃጠለ። የግዛቱ መንግሥት የተቃጠሉና ረሃብ የጠናባቸው ኮዋላዎች (ዛፍ ላይ የሚኖሩ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚበሉ፣ ግልገላቸውን በሆዳቸው ኪስ የሚያሳድጉ የአውስትራሊያ እንስሳት) ከሄሊኮፕተር በጥይት እንዲገደሉ አደረገ፤ በኤፕሪል የተሰማው ቁጥር ወደ 700 ነበር። ምን ትላላችሁ?

ሄኖክ፦ ተገቢ ነበር። መሬቱ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የረጋበት ነው፣ በእግር መግባት ፈተና ነው። በእሳት የተበላ ዛፍ ላይ ማን ይውጣ? መዳፉ ተቃጥሎ ጫፍ ላይ የቀረን እንስሳ ለቀናት እንዲማቅቅ መተው ይብሳል።

ሰናይት፦ ስቃይ ማሳጠሩን አልቃወምም። ግን ከአየር ላይ የሚድነውንና የማይድነውን በምን ለዩት? ኪሷ ውስጥ ግልገል ያለባትንስ?

ተስፋዬ፦ ውሃ ቢያቀርቡላቸውስ እንዳልል ስማቸው ራሱ «አይጠጣም» ማለት ነው ይባላል።

ሰናይት፦ ተስፍሽ፣ ስሙ የመጣው ከሲድኒ አካባቢ ነባር ሕዝብ ከዳሩግ ቋንቋ ነው፤ «ጉላ» ይሉታል። «አይጠጣም» የሚለው ፍቺ ግን በማስረጃ አልጸናም። ኮዋላ አብዛኛውን ውሃ ከቅጠል ያገኛል፣ ሲዘንብ ደግሞ በግንዱ የሚወርደውን ይልሳል። ቅጠሉ ሲቃጠል ምግቡም ውሃውም አብሮ ሄደ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ እሳቱን ብቻ አትዩ። በፓርኩ ዙሪያ ለገበያ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ፤ እኛ አገር ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ያው ዛፍ ነው። ኮዋላው እዚያ ገብቶ ይዋለዳል፣ ይበዛል። ዛፉ ሲቆረጥ መጠለያ ያጣው ሁሉ ወደ ፓርኩ ይጎርፋል፣ ያለችውን ቅጠል ይሻማል። እሳቱ የደረሰው በተጨናነቀ መንጋ ላይ ነው። በ2022 ኮዋላ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበው በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማው ግዛት ነው፤ ቪክቶሪያ የለችበትም። እዚያ «በዝቷል» እየተባለ ኃላፊነቱ ይረሳል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚቆርጥ ሰው ከመቁረጡ በፊት እንስሳቱ የት እንደሚገቡ ያሳይ፣ በፓርኩ ዙሪያ ያለውም ቆረጣ ለጊዜው ይቁም።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ያን ዕለት ዛፍ ላይ ለነበረው ይህ ምን ይፈይደዋል?

ጋሽ መኮንን፦ ለእሱ ምንም። ለሚቀጥለው እሳት ግን ይፈይዳል።

ሰናይት፦ እኔ ደግሞ ከተኩሱ በኋላ ገለልተኛ የእንስሳት ሐኪሞች በእግር ገብተው ሬሳዎቹን እንዲመረምሩ እፈልጋለሁ። ሄኖክ፣ ይህን ትቃወማለህ?

ሄኖክ፦ አልቃወምም። መሬት ላይ ሲታይ ተኳሾቹ ትክክል እንደነበሩ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።