የወረቀት አውሮፕላን ሞዴል፦ የውስጥ ክቦቹ አልገባ አሉን

የኮዬዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር የአየር መንገዳችንን ቦይንግ 787-8 በወረቀት እየሠራን ነው። ስኬሉ 1:144 ነው (ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያነሰ)፣ ሲያልቅ ርዝመቱ 39 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ፋይሉን በነፃ አውርደን የላይኛውን ልባስ እዚሁ ኮዬ ፈጬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በ200 ግራም ወረቀት ፕሪንት አስደረግን። መሀል ላይ መብራት ሄደ። የቀሩትን ገጾች፣ ማለትም ካርቶን ላይ ተለጥፈው የሚቆረጡትን የውስጥ ክቦች፣ ቱሉ ዲምቱ ሄደን አስጨረስን። አሁን ክቦቹ፣ ልባሱ ተጠቅልሎ በሚሆነው ቱቦ (የአውሮፕላኑ ሆድ) ውስጥ አይገቡም። በጥንቃቄ ነው የቆረጥነው። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግን እናሳንሳቸው ወይስ ሌላ ችግር አለ? ደግሞ ኮላ ስንቀባው ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ መጋጠሚያው ላይም ነጭ መስመር እየወጣ መልኩን ያበላሸዋል። ወንድሜ ተስፋ ሊቆርጥብኝ ነው፣ እባካችሁ።

ባለማስመሪያው
እህቴ፣ ምንም እንዳትፈገፍጊ! መጀመሪያ ማስመሪያ አንሺ። ብዙ ፋይሎች ገጹ ጥግ ላይ የመለኪያ መስመር አላቸው፣ ለምሳሌ 5 ሳንቲሜትር የሚል። በሁለቱም ቤት የወጡትን ገጾች ለኪና ንገሪን። እኔ የምጠረጥረው አንዱ ቤት በትክክለኛ መጠኑ ሲያወጣው ሌላው ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ አሳንሶታል። ሦስት በመቶ ለዓይን አይታይም። ግን የ787 ሆድ ወርዱ 5.77 ሜትር ነው፣ በ1:144 አራት ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ዙሪያው 13 ሳንቲሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከዚህ ላይ ሦስት በመቶ ሲቀነስ አራት ሚሊሜትር ሊጠጋ ነው። በዚህ ልዩነት ክቡ በምን ተአምር ይግባ?

የገላን ምላጭ
ባለማስመሪያው ልክ ነው። እኔ ስለ ኮላው ልናገር። ነጩ የአናጢ ኮላ ውሃ አለው፣ ወረቀት ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ። ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠብ አድርጋችሁ በስቴክኒ ጫፍ እያነሳችሁ፣ በስሱ፣ የመለጠፊያ ምላሱ ላይ ብቻ ቀቡ። ትንሽ ጠብቃችሁ መያዝ ሲጀምር ግጠሙት። ሰፊ ገጽ ካርቶን ላይ ስትለጥፉ ግን ነጩን ኮላ ተዉት፣ ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ይሻላል። ውሃ ስለሌለው አያጨማድድም። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ሽታው ከባድ ነው፣ ልጅም አለ።

የኮዬዋ
ለካሁት! የልባሱ ገጽ 4.85፣ የክቦቹ ደግሞ ልክ 5። ገጾቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ምንም ልዩነት የላቸውም እኮ።

ባለማስመሪያው
በቃ ተገኘ። ክቦቹ ደህና ናቸው፣ ልባሱን ብቻ እንደገና አስወጪ። ፕሪንት ሲደረግ «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ የሚለው ይመረጥ፣ «ፊት» (Fit) የሚለው፣ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ የሚያሳንሰው፣ አይነካ። ክንፉና ጭራው ከልባሱ ጋር የወጡ ከሆነ እነሱም ይደገማሉ። ከአሁን በኋላ አንዱን ሞዴል ሁሉንም ገጽ አንድ ቤት፣ በአንድ ቀን። መጀመሪያ አንድ ገጽ በተራ ወረቀት አስወጥተሽ እዚያው ቆመሽ ለኪ፣ ከዚያ ወፍራሙ ወረቀት ይግባ።

ሰማያዊ እርሳስ
ስለ ነጩ መስመር፦ የሚታየው የወረቀቱ ውፍረት ነው። ቀለም የተቀባው ላይኛው ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን ጠርዝ በውሃ ቀለም፣ ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ ዳስሱት። ነጩ የአውሮፕላኑ ክፍል ላይ በጣም ፈዛዛ ግራጫ በቂ ነው። ማርከር ወደ ውስጥ ይሰርጋልና አልመክርም። በኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) የወጣ ከሆነ ብሩሹ እንዳይረጥብ ተጠንቀቁ፣ ቀለሙ ይፈሳል። በሌዘር የወጣ ከሆነ ውሃ አይፈራም፣ ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መታጠፊያውን በምላጭ ጀርባ በቀስታ አስምሩለት። እና ቱቦውን በአንዴ አትጠቅልሉት። ስፖንጅ ላይ አስተኝታችሁ በክብ እርሳስ እያሻሻችሁ ቀስ በቀስ አጉብጡት፣ ያኔ መጋጠሚያው ራሱ አይከፈትም።

ጋሼ ሰብሳቢ
ልጆች በርቱ። እኔ ከመሥራት ይልቅ መሰብሰቡ ይበልጥብኛል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 መታተም የጀመረው የፖላንዱ የወረቀት ሞዴል መጽሔት «ማዊ ሞዴላሽ» ጥቂት ቅጂዎች አሉኝ። እዚያ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ በ1:33 ነው የሚመጣው፣ መርከብ በ1:200፣ ታንክ በ1:25። የኔ ልጅ፣ ታትሞ የተገዛ ሞዴል እጅሽ ከገባ ዋናውን አትቁረጪ። ስካን አድርገሽ ኮፒውን ሥሪ። ክረምት ሲገባ ሉሆቹን በፕላስቲክ ማስቀመጫ አድርገሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኚያቸው፣ ከቆሙ ይጎብጣሉ። ሠርታችሁ የጨረሳችሁትን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ የኢንክጄት ቀለም ቶሎ ይለቃል። ለታናሽሽ ደግሞ የካነን «ክሪኤቲቭ ፓርክ» ድረ ገጽ ላይ ቀላል ቀላል ነፃ ሞዴሎች አሉ። አንዱን ራሱ ጀምሮ ይጨርስ፣ ቦይንጉን አንቺ ያዥለት።

የኮዬዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሎቻችሁም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ እንደገና ፕሪንት ማድረጋችን ካልቀረ፣ ለምን አሳድገን 1:100 አናደርገውም? ወንድሜ ትልቁን ነው የፈለገው።

የገላን ምላጭ
ይቻላል፣ 144 በመቶ ነው የምታሳድጊው። ርዝመቱ 57፣ ክንፍ ለክንፍ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲያድግ ግን 141 በመቶ ስለሆነ የገጹ ዳር ሊቆረጥ ይችላል፣ ዳሩ ባዶ መሆኑን አይተሽ ወስኚ። ሌላው፣ ካርቶኑ አብሮ አይወፍርም። አንድ ሚሊ የነበረው ካርቶኑ የሚሰካበት ክፍተት ወደ አንድ ተኩል ሚሊ ይጠጋና ይላላል፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሁለት ድርብ 200 ግራም ወረቀት ለጥፊበት። ክቦቹም በአዲሱ መጠን ይወጣሉ፣ የተቆረጡት አይሆኑም። በኔ በኩል መጀመሪያ ትንሹን ብትጨርሱት እመርጣለሁ፣ ወጪውም ቀላል ነው።

ባለማስመሪያው
እኔም ትንሹን እላለሁ። ፋይሉን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ ፎቶ ሲሆን ጥራቱ ይወርዳል፣ መጠኑም ይዛባል።