ዶሮ ወጥ ለፍጻሜ ዙር ይሆናል ወይስ ሰዓቱ ይበላናል?

የፒያሳው አብሳይ ጠየቀ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። ማታ ኪችኑ ታጥቦ ሲያበቃ ስልኩን የዘይት ጀሪካን ላይ አስደግፈን ከልጆቹ ጋር «ቶፕ ሼፍ» እናያለን። የአሜሪካኖቹ የሼፎች ውድድር ነው። በፈረንጆቹ 2006 ስለጀመረ የቆየ ክፍል ሞልቷል። እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጠናል። ድስቱ ግን አያመልጠንም።

ጭቅጭቃችን የሚጀምረው አራት አምስት ሰው ሲቀር ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም የማይደርስበት ሼፍ ድንገት ሥጋ ያደርቃል፣ ጨው ይረሳል፣ ሰሃኑ ላይ አንድ ነገር ሳያኖር ሰዓቱ ያልቅበታል። ሰላጣ ላይ የሚሠራው ልጃችን «አስቀድሞ ያለቀ ነገር ነው፣ ለካሜራ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ አይመስለኝም። ቅዳሜ ማታ ሠርገኛ አዳራሹን ሞልቶት፣ አስተናጋጁ በመስኮት እየጮኸ የሠራ ሰው ያውቀዋል። እጅ የለመደውን ይረሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የራሴ ነው። ከኛ ሰው አንዱ እዚያ ፍጻሜ ላይ ቢቆም ምን ይሥራ? እኔ ዶሮ ወጥ አልኩ። ዶሮ ወጥን ትቶ በምን ይቀርባል? ሁሉም ሳቁብኝ። «ቁሌቱ ሳይደርስ ሰዓት አለቀ ተብለህ እጅህን ወደ ላይ ታነሳለህ» አሉኝ። እስቲ ፍረዱን። ሙያ ያላችሁ ብቻ ሳትሆኑ የምትበሉም ጭምር።

አዘዞ ማዶ መለሰ፦

ወንድሜ፣ ከሰላጣው ልጅ ጋር አልስማማም። ግን አልፈርድበትም፣ የሚያምታታው ሕጉ ነው። ዳኞቹ የሚመዝኑት የዛሬውን ሰሃን ብቻ ነው። ሲያሸንፍ የከረመ ሰው ዛሬ ካበላሸ ሻንጣውን ይይዛል። ነጥብ አይደመርም፣ ጥሎ ማለፍ ነው።

ክሪስተን ኪሽን እዩአት። 10ኛው ምዕራፍ ላይ ከጠንካሮቹ አንዷ ነበረች። ተወዳዳሪዎቹ በቡድን ሬስቶራንት ከፍተው የሚፋለሙበት ዙር አለ። እዚያ የቡድኗ ኃላፊ ስለነበረች ጥፋቱ በእሷ ላይ አረፈና ተሰናበተች። የተሰናበቱት እርስ በርስ የሚፎካከሩበት ሌላ መድረክ ስላለ በዚያ በኩል ተመልሳ ገባች፣ ዋንጫውንም ወሰደች። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ፓድማ ላክሽሚን ተክታ የፕሮግራሙ አቅራቢ ራሷ ናት። አስቀድሞ ያለቀ ነገር ቢሆን እንዲህ አድርጎ ማን ይጨርሰዋል?

ሪቻርድ ብሌስም አለ። በ4ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ደርሶ ለስቴፋኒ አይዛርድ እጅ ሰጠ። በ8ኛው ተመልሶ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፣ ሙያውም ያው ነው።

3ኛውን ምዕራፍ ያላያችሁ ግን እዩት። በቡድን የቅብብሎሽ ውድድር አለ። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ዶሮ ይበልታል። ሀንግ የሚባለው ልጅ ዶሮው ላይ ቢላውን ሲያስኬደው ዓይን አይከተለውም። ኬሲ የምትባለው ደግሞ ሽንኩርቷን በቀስታ፣ እንደ ሥዕል ሠሪ። ቡድኗ ቆሞ ይቁለጨለጫል። እናቴ አይታ «ይቺ ልጅ ድግስ ቤት ገብታ አታውቅም» አለች። ያቺው ኬሲ ግን ፍጻሜ ደረሰች! ያሸነፈው ሀንግ ቢሆንም።

የድግሷ እትዬ መለሰች፦

ልጆቼ፣ እኔ ድግስ አብሳይ ነኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ይጠሩኛል። ቲቪውን የማየው ልጄ ሲከፍተው ነው። ስለ ዶሮው ግን ዝም አልልም።

በአንድ ሰዓት ዶሮ ወጥ የለም። አለኝ የሚል ሌላ ስም ያውጣለት። ሽንኩርቱ ብቻውን ስንት ጊዜ ይፈልጋል! ደቆ ይከተፋል፣ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው ደረቁን ድስት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ውኃውን ይተፋል፣ ይንጫጫል። ቆይቶ ድምፁ ይቀንሳል። ከድስቱ መራቅ የማይገባህ ያኔ ነው። ማማሰያው ከሥር ያዝ ሲያደርግህ ጠብታ ውኃ ጣል አድርገህ ትፍቀዋለህ። የያዘው ተመልሶ ይዋሃዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። እንደገና ይይዛል፣ እንደገና ትፍቀዋለህ። ሽንኩርት መሆኑ ሲጠፋ በርበሬው ይገባል። በርበሬውም ተቸኩሎ ከታለፈ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ እንግዳውም ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ያድራል። ከዚያ ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውኃው እስኪጠራ ታጥቦ የሚገባው ገና ከዚህ በኋላ ነው። እንቁላሉና መከለሻው መጨረሻ ላይ። እኔ ግማሽ ቀን እይዝለታለሁ። የቸኮለ ሰው ሦስት አራት ሰዓት።

የነሱን ሽንኩርት ደግሞ አስቡት። ትልቅ፣ ውኃ የበዛበት፣ ጣፋጭ። የኛዋ ትንሿ ቀይ ሽንኩርት ውኃዋ ጥቂት ነው፣ ቶሎ ትታዘዛለች። ያኛው ውኃውን ተፍቶ እስኪጨርስ ይመሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ እንዳነበበችልኝ የ3ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ የተካሄደው አስፐን በምትባል የተራራ ከተማ ነው፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ እኛ ጋ 93 አካባቢ። ሲንተከተክ ታየዋለህ እንጂ ሙቀቱ ጎዶሎ ነው። ሽምብራና ባቄላ እዚህ አልበስል ብለው የሚያደክሙን፣ ቆላ መተማ ግን ቶሎ የሚበስሉት ለዚሁ ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሼፍ እዚያ ወጥቶ ግራ ቢገባው አይገርመኝም። የደጋ ሴት ግን ግራ አይገባትም።

ማራኪ ነኝ መለሰ፦

ዶሮ ወጥ በወረንጦ ተለቅሞ ሰሃን ላይ ሲደረደር ከማይ ዓይኔ ይጥፋ። 12 ብልቱ ከነእንቁላሉ በአንድ ገበታ ካልቀረበ ምኑን ዶሮ ሆነ? ለያንዳንዱ ዳኛ አንድ አንድ ቁራጭ? ፈረሰኛው ለማን ሊደርስ ነው፣ ለቶም ኮሊኪዮ? ይቅርብን። ጥብስ ያቅርብና ይሸነፍ።

ጎንደሬ በዲሲ መለሰ፦

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ቁሌቱን ሲናገሩ እዚህ ሆኜ ሸተተኝ።

የፒያሳው፣ ጓደኞችህ አንድ ነገር ዘንግተዋል። የመጀመሪያዎቹ አጫጭር ዙሮች 30 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ፍጻሜው ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ የዝግጅት ሰዓት ይሰጣቸዋል፣ ቀድመው የተሰናበቱ ሼፎችም በረዳትነት ይመደቡላቸዋል። ቁሌት እዚያ አይቻልም አይባልም። የሚያስቸግረው አንድ ሰሃን ሳይሆን ተከታታይ ኮርስ፣ ማለትም ተራ በተራ የሚቀርቡ ሰሃኖች፣ መጠየቁ ነው። ዶሮው አንዱ ነው፣ ሌሎቹስ?

ረዳትም የራሱ ጣጣ አለው። 5ኛው ምዕራፍ፣ ፍጻሜው ኒው ኦርሊንስ፣ ካርላ ሆል። ወደ መጨረሻው ስትጠጋ እየጎለበተች የመጣች ሴት ናት። ለፍጻሜው የደረሰቻት ረዳት ማን መሰለቻችሁ? አዘዞ ማዶ ያነሳት ባለ ሽንኩርቷ ኬሲ! ኬሲ ሥጋውን በፕላስቲክ አሽጎ በለብታ ውኃ የማብሰል ዘዴ ሐሳብ አመጣች። ካርላ ልትሠራ ባሰበችው የቺዝ ታርት ፈንታም ሱፍሌ ይሁን አለች። ካርላ እሺ አለች። ሥጋው ጠጠረ፣ ሱፍሌውም አልሆነም። ዋንጫውን ሆዚያ ሮዘንበርግ ወሰደው። ያን ክፍል ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል። ሴትዮዋ ፍጻሜ የደረሰችው በራሷ እጅ ነው። በዚያች ቀን የሌላ ሰው ምግብ ምን ያደርግላታል? መጨረሻ ዙር ላይ ጎበዝ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይመስለኛል። ሙያ አያንሰውም። «የኔ ነገር ለፍጻሜ ያንሳል» ብሎ ይጠራጠርና ያልለመደውን ይሞክራል።

የኛ ሰው ፍጻሜ ላይ ቢቆም ላልከው ደግሞ፣ ቆሟል። ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው። በ2010 «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለውን የአንጋፋ ሼፎች ውድድር 2ኛ ምዕራፍ አሸንፏል። ፍጻሜው ላይ አብረውት የቆሙት ሱሱር ሊና ሪክ ሙነን ነበሩ። ሽልማቱ 100,000 ዶላር ለበጎ አድራጎት ነበር፣ እሱም ለዩኒሴፍ የውኃ ፕሮጀክት ነው የተወዳደረው። የተሰጣቸውን ትእዛዝ ስሙ። ሦስት ኮርስ። አንዱ የመጀመሪያ የምግብ ትዝታችሁን፣ አንዱ ሼፍ ለመሆን ያስወሰናችሁን ነገር፣ አንዱ ደግሞ ሼፍነታችሁን የሚያሳይ።

እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ቢመጣ ምን ትሠራለህ? የኔ የመጀመሪያ ትዝታ ዶሮ አይደለም። በጾም ቀን እናቴ ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ የምታጎርሰኝ የተልባ ፍትፍት ነው።

የፒያሳው አብሳይ መለሰ፦

ማራኪ፣ ፈረሰኛው ለቶም ይሁን፣ ዋና ዳኛ እሱ አይደል?

ዲሲ፣ የካርላን ክፍል ዛሬ ማታ ከፍተን አየነው። ኪችኑ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ሰላጣው ልጅ እንኳ «በቃ፣ ይሄ እውነት ነው» አለ።

እትዬ፣ ከዶሮው ግን አልወርድም። ሰዓቱ ሰፊ ከሆነ ቁሌቱን ቀድሜ ጥጄ፣ ረዳቱን ድስቱ ላይ አቁሜ፣ ሌላውን እሠራለሁ። ያስጨነቀኝ እንጀራው ነው። እርሾ ይዤ አውሮፕላን ልሳፈር? ከዶሮው በፊትስ ምን ላቅርብ?

የድግሷ እትዬ መለሰች፦

እንጀራውን እርሳው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ አገሩ ብርድ ከሆነ ደግሞ ኩፍ አልልም ብሎ ያስለቅስሃል። ቂጣ ጋግር። የጤፍም የዳጉሳም ቂጣ ምጣዱ ከሰማ በደቂቃ ይደርሳል። ሳሳ አድርገው ብቻ።

መጀመሪያ የሱፍ ፍትፍት አቅርብ። ሱፉ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ይጠለላል፣ ወተት የመሰለውን ታወጣለህ። በቂጣው ፈትፍተህ ቃሪያ ጣል አድርግበት። የሚበላው በቀዝቃዛው ስለሆነ ቀድመህ ሠርተህ ታስቀምጠዋለህ፣ ሰዓትህን አይሻማም። የዲሲው ልጅ ተልባ ካልክ ተልባም ያው ነው።

ቀጥሎ ዓሣ። እኛ ከጎርጎራ የሚመጣልንን ቆሮሶ እንደምንሠራው፣ በአዋዜ አሽተህ በትኩሱ ጥበሰው። ዳኛው ወንበር ሲስብ ነው ድስት የሚነካው። የቆየ ዓሣ ይቅርታ የለውም። ከዚያ ዶሮህ ይግባ። እንቁላሉን ጫር ጫር ማድረግ አትርሳ፣ ወጡ ካልገባበት የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ጣፋጭ ለሚሉት አትጨነቅ። ማር ስጣቸው።

ረዳትህ «ቁሌቱን ቶሎ እንዲደርስ በሚክሰር እንፍጨው» ካለህ ከኪችኑ አስወጣው።

አዘዞ ማዶ መለሰ፦

እትዬ፣ በሁሉም እስማማለሁ፣ በጣፋጩ ግን አልስማማም። እዚያ ውድድር ላይ ጣፋጭ ስንቱን አሰናብቷል! ማር ብቻ አቅርበህ ዳኛ ፊት ትቆማለህ? ቢያንስ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይጨመርበት። ድፎውም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ቢመጣ ቶም ኮሊኪዮ ራሱ ቅጠሉን ሲገልጠው እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል። ካሜራው ይህን ይወዳል።

ማራኪ ነኝ መለሰ፦

ድፎ ዳቦ ላይ እኔም ገብቻለሁ። ዶሮው ላይ ግን አቋሜ አልተለወጠም።

የፒያሳው አብሳይ መለሰ፦

በሉ እንሞክረዋለን። ሰኞ ሆቴሉ ጭር ይላል። ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን፣ ጾም ነው፣ ማን ይቀምስልናል? ሰዓት እንይዛለን፣ አራት ሰዓት ለሦስት ሰሃንና ለድፎው። ዳኛ የሚሆኑት አስተናጋጆቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከቶም ይብሳሉ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ። መከለሻውን ከቅዳሜ ገበያ ነው የሚገዙት ወይስ ቤት ያዘጋጁታል?

የድግሷ እትዬ መለሰች፦

ቤት ነው እንጂ! ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ። ለብ ለብ ተደርጎ ታምሶ ይፈጫል። መጠኑን እዚህ አልጽፍም። የሚያነበው ሰው ብዙ ነው።