የአሳማ ኩላሊት ለሰው፦ ወንድሜ ይጠብቅ ወይስ ይተወው?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታላቅ ወንድሜ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ (ደሙን በማሽን ማጣራት) ያደርጋል። ኩላሊት ለማግኘት ከተመዘገበ አራት ዓመቱ ነው። አሁን ስለ አሳማ ኩላሊት ሰምቶ "እኔ ዝግጁ ነኝ" ይላል፣ እናታችን ደግሞ ከአዲስ አበባ "በስመ አብ!" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እውነት ይሠራል? እኔ ልሰጠው ብዬ ደማችሁ አይገጥምም ተባልኩ።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ይሠራል፣ ግን ገና አይቆይም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ቦስተን ላይ ሪቻርድ ስሌይማን የአሳማ ኩላሊት ተተከለለት። ሽንት ማውጣት ጀመረ፣ ወደ ቤቱም ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላው አረፈ፣ ሆስፒታሉ ግን ሞቱን ከንቅለ ተከላው ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘሁም ብሏል። ቶዋና ሉኒ ደግሞ ኒው ዮርክ ተተክሎላት 130 ቀን ኖረችበት፤ ኢንፌክሽን ይዟት ሰውነቷ ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የምትወስደው መድኃኒት ሲቀነስላት ሰውነቷ ኩላሊቱን አልቀበልም አለና ወጥቶላት ወደ ዲያሊሲስ ተመለሰች። እኔ በየቀኑ ዲያሊሲስ ላይ ያሉ ሰዎችን ስለማይ 130 ቀን ከማሽን መገላገል ቀላል አይመስለኝም።

ባዮሎጂ ወዳጅ፦
ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የአሳማ ሴል ላይ እኛ የሌለን የስኳር ዓይነት አለ፣ ደማችን ያንን ሲያይ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቃዋል። ለዚህ ነው የአሳማውን ጂን የሚቀይሩት፣ የስሌይማን ኩላሊት 69 ቦታ ተስተካክሏል። ቫይረስም ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሳማ ልብ በተተከለለት ዴቪድ ቤኔት ላይ የአሳማ ቫይረስ ተገኝቶበታል።

አበበች ልጅ፦
ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። አባቴ ልቡ ውስጥ ያለው ቫልቭ ከአሳማ የተሠራ ነው፣ ይሄ ለብዙ ዓመታት ሲደረግ የኖረ ሕክምና ነው። የንስሐ አባታችንን ስንጠይቅ "መብላትና ነፍስ ማዳን አንድ አይደለም" አሉን። እሷም የራሷን የንስሐ አባት ትጠይቅ፣ አንቺ ብትከራከሪያት አትሰማሽም።

ነርስ ነኝ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ደማችሁ አይገጥምም ማለት አበቃ ማለት አይደለም! አንቺ ለማታውቂው ሰው ትሰጫለሽ፣ የዚያ ሰው ዘመድ ደግሞ ለወንድምሽ ይሰጣል። የመለዋወጫ ፕሮግራም አለ። የአሳማ ኩላሊት ስለሚሞከርበት ጥናትም ይጠይቅ፣ ግን ሰው የሰጠው ኩላሊት ዓመታት ይቆያል፣ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

የሜሪላንዷ፦
ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።