ተሸካሚው ወዛደር ነው ወይስ ሉምፐን? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ አንድ ቃል ላይ ተቸንክሬ ከቀረሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ቃሉ «ሉምፐን ፕሮሌታሪያት» ነው፤ ባጭሩ «ሉምፐን»፣ ማርክስ ከሠራተኛው መደብ ለይቶ እንደ ኅብረተሰብ አተላ ያየው ወገን። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ስለ ፈረንሳዩ መሪ ሉዊ ቦናፓርት በጻፈው መጽሐፍ ሉምፐኖችን ሲዘረዝር ከለማኙና ከጨርቅ ለቃሚው ጋር ተሸካሚውንም ይጨምራል። እኛ መነኸሪያ ግን ተሸካሚውን «ወዛደር» ብለን ነው የምንጠራው፤ ያውም ወዛደር ለፕሮሌታሪያት፣ ማለትም ጉልበቱን ሸጦ ለሚኖረው የሠራተኛ መደብ፣ መተርጎሚያ ሆኖ የኖረ ቃል! ትናንት አንዱን አነጋገርኩት። ኬሻ አጥፎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። «ጭነት ከተገኘ እሠራለሁ፣ ካልተገኘ ያው ቁጭ ነው» አለኝ። ይህን ሰው «የኅብረተሰብ አተላ» ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አማካሪዬ ግን ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሁሉ ሉምፐን ነው ብለው ምዕራፉን መለሱልኝ። እኔ እንደሚገባኝ ማርክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥ ሥራው የሚቆራረጥበትን ሰው ከሥራ አጡ ተጠባባቂ ጦር ጋር (ካፒታሊስቱ ሲፈልገው ከሚጠራው፣ ሳይፈልገው ከሚተወው ሠራተኛ ጋር) መድቦ፣ ሉምፐኑን ለብቻው ያወጣዋል። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶችስ? ወቅቱ ሲያልፍ ቤት የሚውሉት? ለእኔ ተጠባባቂ ናቸው። የፀረ ቅኝ ግዛት ጸሐፊው ፍራንዝ ፋኖን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ሉምፐኑን የአብዮት ኃይል ያደርገዋል፤ እዚህ ስደርስ ጭራሽ ይጠፋብኛል።

መለያው የገቢ መቆራረጥ ነው ወይስ ከምርት ውጭ መሆን? በአማርኛስ ምን ትሉታላችሁ? «ዱርዬ» ጠባይን እንጂ መደብን አይናገርም። ያነበባችሁ ምዕራፉን ጭምር ጠቁሙኝ፤ እስከ ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።