ጥቆማ፦ ለስቲል ጊታር ጀማሪ ቲዎሪ የሚያስተምር፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ጀማው! ጭን ላይ አጋድመው በብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ስቲል ጊታር ጀምሬያለሁ። መሣሪያው ተራ ቦክስ ጊታር ነው። እጄ ትንሽ ትንሽ መሄድ ጀምሯል፣ ስኬልና ኮርድ የሚባለው ግን ጭራሽ አልገባኝም። የግል አስተማሪ ልፈልግ፣ ኪቦርድ ከሚያስተምሩት ጋ ልግባ ወይስ በዩቲዩብ ልቀጥል? የሚመቸኝ ከሥራ በኋላ ማታ ነው።

ሸዋ በር
አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጊታሩን ከየት ገዛኸው? እኔ እዚሁ ከተማ አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው አንገቱ ጎብጧል። መሃሉ ላይ በክሩና በእንጨቱ መካከል ጣቴ ይገባል ወላሂ! ስመልስለት «ብርድ ነው ያጎበጠው» አይለኝም?

ፒያሳ ነኝ
የጦሳ ብርድ ጉልበት ይሰብራል ሲባል ነበር፣ ጊታርም ጀመረ? ሱቁን ንገረን እንጂ ሰው ይጠንቀቅ።

ሸዋ በር
ስም አልጠራም፣ የልጆቹ እንጀራ ነው። ብሬን ግን አልመለሰም።

አባ ጀበል
ስንት ጊዜ ልንገራችሁ፣ ከአራዳው ሰውዬ ውጭ አትግዙ። አባቴ ሬዲዮ የገዛው ከሱ ነው፣ እስከዛሬ ይሠራል።

ፒያሳ ነኝ
ጋሼ፣ ሬዲዮና ጊታር ምን አገናኘው?

አባ ጀበል
ሰውየው ሐቀኛ ነው አልኩህ። በቃ።

እናት ዓለም
ስለ ኪቦርድ ከተነሳ አይቀር፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ባለ 61 ቁልፉ ይበቃዋል ወይስ ትልቁ ይሻላል?

ባለክራሩ
ይበቃዋል እህቴ። አሁን ወደ ጠያቂው፦ ኖታ አንባቢ መሆን ካልፈለግህ ኪቦርድ ቤት አትቸኩል፤ ክራር የሚያስተምር ፈልግ። ወሎ ተቀምጠህ ቲዎሪን ከቅኝት ብትጀምር ይቀልሃል፤ ስኬል የምትለው እሱኑ ነው። አንድ ክር ብቻ ያዝ፣ ባዶው 0 ይሁን፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተጋደሙት ሽቦዎች፣ ቁጥር ናቸው። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው። ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ ማይነሩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። አንቺ ሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ሁሉም 12 ላይ ቤቱ ይገባል፣ ኦክታቭ የሚሉት እሱን ነው። ብረቱን እንደ ጣት ከፍሬቱ ኋላ ሳይሆን ልክ ከሽቦው አናት ላይ አሳርፈው፣ ያለዚያ ድምፁ ይወርዳል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ከ0 ወደ 1 ያለችውን ጠባብ እርምጃ በጆሮህ ተከተላት፤ ግማሽ ድምፅ የሚባለው እሱ ነው።

ኮምቦልቻ 03
ባለክራሩ ጨርሶታል። እኔ ስለ ጊታሩ ክሮች አወጣጠር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም «ሲ ስድስት» (C6፣ እዚህ ሲ ማለት ዶ ነው) ይልሃል፤ ከወፍራሙ 6ኛ ክር ወደ ቀጭኑ 1ኛ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው። ከሬ በስተቀር የትዝታ ሜጀር ድምፆች ሁሉ አሉበት። በተራ ክር ግን አትሞክረው፣ 4ኛው ክር ከሬ እስከ ሶል ሲወጠር ሊበጠስ ይችላል። ክፍት ሬ ይሻልሃል፣ ባዶ ክሮቹ አንድ ላይ ሲመቱ የሬ ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) የሚሰጡበት፦ 6ኛውንና 1ኛውን ከሚ ወደ ሬ፣ 2ኛውን ከሲ ወደ ላ አውርድ፣ 3ኛውን ከሶል ግማሽ ድምፅ ቀንስ፤ 5ኛውና 4ኛው እንዳሉ ይቆዩ። የሚወጠር ክር የለም። ከዚያ ብረቱን 5 እና 7 ላይ ቀጥ አድርገህ ብታሳርፍ ሁለት ሜጀር ኮርድ አገኘህ። ማይነር ግን በቀጥ ያለ ብረት እንደዚያ በቀላሉ አይመጣም፣ ስለዚህ ባቲ ማይነርን በነጠላ ክር ተጫወት።
ብረት ከሌለህ ቶርኖ ቤት ጎራ በል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ግድም፣ ርዝመቱ 8፣ አንድ ጫፉ ድቡልቡል፣ በደንብ የተወለወለ ይሁን። የጋራዥ ቡሶላም ለጊዜው ይሠራል።

ታሪክ ወዳጅ
ስቲል ጊታርን የጀመሩት የሃዋይ ሰዎች ናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ። ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ጆሴፍ ኬኩኩ ነው።

ፒያሳ ነኝ
እና ማታ ማታ ሃዋይ ይመላለስ? ሚኒባስ ካለ ንገረን።

እናት ዓለም
ቆይ ሸዋ በር፣ ያ የጎበጠ ጊታርህ እኮ አጋድመው ለሚጫወቱበት እንከን የለውም። ብረቱ ክሩን እስከ እንጨቱ አይጫነው፤ ክሩ ከፍ ሲል እንዲያውም ይመረጣል። ሰው ከራስጌው በኩል ያለችውን ክር ማሳረፊያ ሆን ብሎ ከፍ ያደርግ የለ?

ሸዋ በር
እህቴ፣ እኔ የተናደድኩት በጊታሩ አይደለም፣ በብርዱ ነው።

የሆጤ ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ባለክራሩ፣ ማታ የሚያስተምር ታውቃለህ? ሸዋ በር፣ ጊታሩን ትሸጠዋለህ?

ሸዋ በር
ዋጋ በኢንቦክስ 😂

አባ ጀበል
የጎበጠ ምን ያደርግልሃል ልጄ፣ ከአራዳው ሰውዬ አዲሱን ውሰድ።