ለጅማ ቤት የሚሆኑ ለየት ያሉ ትናንሽ ዓሦች፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ጅማ ላይ ትንሽ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) ማቆም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ዓሣ ያምራል?" ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዙ እላለሁ። አንድ ባልዲ ውኃ ሳሎን አስቀምጡና ቴርሞሜትሩን ጨምሩበት። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ እዩት፤ ከሰዓት በኋላም እዩት። ዓሣ የሚመረጠው ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት። አማካይ ሙቀቷ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ደህና አድርጎ ይበርዳል። ሱቅ ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ የጌጥ ዓሦች ግን የቆላ ወንዝ ዓሦች ናቸው። 25 እና 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ለእነሱ ሂተር፣ ማለትም የውኃ ማሞቂያ፣ የግድ ነው፤ ሂተር ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሌሊቱን ከጠፋ የትንሽ ገንዳ ውኃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ዓሣው አንድ ቀን ይሞቀዋል፣ አንድ ቀን ይበርደዋል፤ በመጨረሻ ይታመማል። ስለዚህ የቆላ ዓሣ አምጥቶ ከአየሩ ጋር ከመታገል፣ አገሩ እንደ እኛ ቀዝቀዝ የሚል ዓሣ መምረጥ ይሻላል። እንዲህ ያሉት ደግሞ ሰው ቤት እምብዛም የማይታዩ፣ ጸባያቸው የረጋ፣ ዕጽዋት መሀል የሚያምሩ ናቸው።

ከዚህ በታች የምጠቁመው ሁሉ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 35 ቁመት ላለው ገንዳ ነው። አሸዋውና ዕጽዋቱ ሲገባ 50 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል።

አንደኛ ምርጫዬ ዋይት ክላውድ ነው። አገሩ ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ አጠገብ ያለው የባይዩን ተራራ ጅረት ነው። ሳይንሳዊ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን፣ ስሙም ዓሣውን ላገኘው ታን ለተባለ የስካውት መሪ መታሰቢያ ነው። ቢያድግ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። ማለትም የጅማ ሳሎን ያለ ምንም ማሞቂያ ልኩ ነው። በትውልድ ቦታው ለረጅም ዓመታት ታጥቶ ጠፍቷል እስከመባል ደርሶ ነበር፤ በኋላ በጥቂት ቦታዎች እንደገና ተገኘ። ገበያ ላይ ያለው ሰው ያረባው ነው።

ብዙ ሰው ዋይት ክላውድን "ተራ ዓሣ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ምክንያቱም ያየው ባዶ መስታወት ውስጥ ፈርቶ፣ ቀለሙ ገርጥቶ ነው። ጠቆር ያለ አሸዋና ሞስ የሚባለውን ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ የውኃ ተክል ስጡትና ሳምንት ቆዩ። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ወርቅማ ሆኖ ያበራል፤ የክንፉና የጭራው ቀይ ይደምቃል። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ጎን ለጎን ይዞራሉ። ፉክክር እንጂ ጠብ አይደለም፤ ማንም ሳይጎዳ ይለያያሉ። ሴቷ ሆዷ ሞላ ያለ፣ ቀለሟ ለዘብ ያለ ነው። አሥር ያህል አንድ ላይ ግዙ። ሦስትና አራት ብቻ ከሆኑ ተደብቀው ይውላሉ። ዕጽዋቱ ከበዛ ራሳቸው ይፈለፍላሉ፤ ከጫጩቶቹም ጥቂቱ ሳይበላ ያድጋል።

ሁለተኛው ሜዳካ ነው። የጃፓን የሩዝ ማሳ ዓሣ ነው፤ እሱም 4 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተጉዞ እዚያው ተራብቷል። ከጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ጠፈር ላይ የተራባ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጠዋት በማለዳ ሴቷን ብታዩ፣ ትናንሽ ብርሃን የሚያሳልፉ እንቁላሎች እንደ ዘለላ ከሆዷ ሥር ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። ቆየት ብላ ሞሱ ላይ ታሻቸዋለች፤ እዚያ ተጣብቀው ይቀራሉ።

ለእኛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ዓሣውን ከማስመጣት ይልቅ እንቁላል የተጣበቀበትን ሞስ በትንሽ የውኃ ጠርሙስ ማስመጣት ይቻላል። መንገድ ላይ ከዓሣ ይልቅ እንቁላል ይበረታል። ውኃው 25 ዲግሪ ከሆነ በአሥር ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ በእኛ ቤት ሙቀት ግን ይዘገያል፣ ታገሱት። ሜዳካ ከላይ የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ ከዋይት ክላውድ ጋር ቢኖር ሁለቱም ላይ ላዩን ይሻማሉ። እኔ ብሆን ለ50 ሊትር አንዱን ብቻ እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ሴሌስቲያል ፐርል ዳኒዮ ነው፤ ውበት ላይ ማንም አይደርስበትም። ጥቁር ሰማያዊ አካሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ ክንፉ ቀይና ጥቁር ነው። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ምያንማር ውስጥ፣ ሻን በሚባለው ደጋማ ግዛት፣ ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነ ሣር የበዛበት ኩሬ ተገኘ። ፎቶው ዓለምን ሲዞር ሰው ተሻምቶ ሊጨርሰው ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል። ነገር ግን ዓይን አፋር ነው። ዕጽዋት ካልሞላለት አይወጣም፤ አፉም ትንሽ ስለሆነ ተራውን ፍሌክ (ስስ ደረቅ የዓሣ ምግብ) በጣት አድቅቃችሁ ካልሰጣችሁት አይበላም። ጀማሪ ከሆናችሁ ገንዳው ሦስትና አራት ወር ይቆይና ከዚያ አስቡበት።

ለገንዳው ወለል ብዙዎች ፒግሚ ኮሪዶራስን ይጠቁማሉ። ደግ ዓሣ ነው፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ በመንጋ የሚሄድ። ግን 22 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚሻ ፀሐይ የሚገባበት ሞቅ ያለ ክፍል ላላችሁ ብቻ ነው። ለሌሎቻችን ቼሪ የሚባለው ቀይ ሽሪምፕ ይበልጣል። 18 ዲግሪ ላይም ደህና ነው፤ አልጌውን እየለቀመ ይውላል።

የማልመክራቸውንም ልበል። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ዕጽዋቱን ነቅሎ ይበላል፤ ለትንሽ ገንዳ የሚሆን አይደለም። ቤታ ሙቀት ይፈልጋል፤ ወንዱ ደግሞ ከወንድ ጋር ይጣላል። ከጊቤ ወይም ከኩሬ የተያዘ የቆሮሶ ጫጩት "ነፃ ነው" ብላችሁ አታስገቡ፤ ሲያድግ አሸዋውን ይቆፍራል፣ ዕጽዋቱን ይጨርሳል። አምባዛማ ከሜትር በላይ የሚያድግ አዳኝ ነው፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል።

አሁን ወደ ገንዳው። ሁለት መንገድ አለ፦ ከአዲስ አበባ የተዘጋጀ ማስመጣት ወይም እዚሁ የአሉሚኒየምና መስታወት ሥራ ቤት ማሠራት። የተዘጋጀው መብራትና ፊልተር አብሮት ስለሚመጣ ይመቻል፤ ግን መንገድ ላይ የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙዎቹም ጠባብና ረጅም ናቸው። እኔ እዚሁ አሠሩ ባይ ነኝ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ይቆረጥላችሁ፤ ጠርዙ ይሞረድ። ዋናው ነገር ሲሊኮኑ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ ያለበት ነው፤ ዓሣ ይገድላል። ቱቦውን ራሳችሁ አንብቡ። ተጣብቆ ሲያልቅ ሳምንት ይድረቅ። ጥሩው ሲሊኮን ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ይሸታል፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ውኃ አትሙሉ። ከዚያ ደጅ ላይ ሞልታችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ጋዜጣ ከሥሩ አንጥፉ፤ ጠብታ ካለ ጋዜጣው ይናገራል።

ሞልቶ ሲቆም ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለቴሌቪዥን የተሠራ ቺፑድ አይችለውም። የከተማችን አናጺዎች እንጨት ያውቁበታል፤ ከዋንዛ ጠንካራ ጠረጴዛ አሠሩ። ከገንዳው ሥር ዕቃ የሚታሸግበትን ነጭ ፎም አንጥፉ።

ውኃን በተመለከተ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ማጥፊያ ካላገኛችሁ በሰፊ ባልዲ ከፍታችሁ ከአንድ ቀን በላይ አሳድሩት። ጅማ ዝናብ አይጠፋባትምና የዝናብ ውኃስ የሚል ይኖራል። ንጹሕ የዝናብ ውኃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ብቻውን ለእነዚህ ዓሦች አይሆንም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ደግሞ ዚንክ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ሽሪምፕ በተለይ ዚንክ አይችልም። የቧንቧውን ውኃ ብቻ ተጠቀሙ።

አሸዋ ከግንባታ ዕቃ ሻጭ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሰጠ ኖራ አለበት፤ ተዉት። ካልሰጠ ውኃው እስኪጠራ እጠቡት። ከአሸዋው ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የእኛን ቀይ አፈር ማድረግ ለዕጽዋቱ ጥሩ ነው፤ ብረት አለው። አፈሩ ግን ማዳበሪያና መድኃኒት ያልነካው ይሁን። ከጫት ማሳ አታምጡ፤ የተረጨ ሊሆን ይችላል።

ዕጽዋት ልለቅም ብላችሁ ቦዬ ረግረግ በባዶ እግራችሁ አትግቡ። በጅማ ዞን ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚተላለፈውም ቀንድ አውጣ ካለበት ውኃ በቆዳ በኩል ነው። ከዚያ የመጣ ተክል ቀንድ አውጣውንና እንቁላሉን ይዞ ቤት ይገባል። ሞስ፣ ጃቫ ፈርንና አኑቢያስ ከሻጭ ወይም ከሚያረባ ሰው ውሰዱ። ሦስቱም ብዙ ብርሃን አይሹም። ጃቫ ፈርንና አኑቢያስን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው።

ፊልተር ስትመርጡ የሚያምረውን ሳይሆን መብራት ሲጠፋ የማይበላሸውን ምረጡ። ስፖንጅ ፊልተር ከትንሽ የአየር ፓምፕ ጋር በቂ ነው። ባትሪ ያለው ፓምፕ ካገኛችሁ ጨምራችሁ ግዙት። ፓምፑን ከውኃው ወለል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ዝቅ ካለ መብራት በሄደ ቁጥር ውኃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያቃጥላል። ዓሣም አታብዙ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ዕጽዋቱም ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ገንዳው ተተክሎ፣ ፊልተሩ እየሠራ አራትና አምስት ሳምንት ይቆይ። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ቦታ የሚይዙት ያኔ ነው።

ከማን ልግዛ ለሚለው፣ ምርጫው ሱቅ፣ የቴሌግራም ሻጭና ቤቱ የሚያረባ ሰው ነው። ሦስተኛውን አስቀድሙ። ቤት የተወለደ ዓሣ የእኛን ውኃና አየር ለምዷል፤ ወላጆቹንም ማየት ትችላላችሁ። ሱቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚይዙት ጎልድፊሽ፣ ጋፒና ሞሊ ስለሆነ፣ ለየት ያለውን ቀጣዩን ዕቃ ሳያዙ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ስሙን ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም ላኩ። የቴሌግራም ሻጭ ከሆነ ዓሣው ሲበላ የሚያሳይ፣ የዛሬ ቪዲዮ ጠይቁ። ቪዲዮ የማይልክ ሻጭ ጋር ብር አትላኩ። ዋጋ አልጠቅስም፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓሣው ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሳይበላ ይዋል። ፌስታሉ ሲሶው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን፤ ድርብ ይደረግ። መንገዱ የጊቤን ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ፖርቶ መጋላ ላይም ሆነ ሞተር አጠገብ አይጫን። በፎም ሳጥን ታሽጎ ሰው እግር ሥር ይምጣ። የሚያውቁት ሰው ቢይዘው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ቤት ሲደርስ መብራቱን አጥፉ፤ ፌስታሉን ሳይከፈት ገንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት አንሳፉት። ከዚያ ከፍታችሁ በየአምስት ደቂቃው አንዳንድ ብርጭቆ የገንዳ ውኃ ጨምሩበት። ዓሣውን በመረብ አውጡና አስገቡ፤ የፌስታሉን ውኃ ግን ገንዳ ውስጥ አትድፉት። ምግብ በማግስቱ ነው።

ዓሦቹ ተፈልፍለው ሲበዙባችሁ አዌቱ ወንዝ ወይም ቦዬ አትልቀቋቸው። ለጅማ ሳሎን የተስማማ ዓሣ ለጅማ ወንዝም ሊስማማ ይችላልና፣ እዚያ ያሉትን የአገሩን ዓሦች ሊሻማ ይችላል። ጎረቤት ስጡ፣ ወይም የሚያረባ ሰው ጋር በዕጽዋት ቀይሩ። ከእናንተ መሀል ዋይት ክላውድ ወይም ሜዳካ እዚሁ ጅማ የሚያረባ ካለ ይጻፍ፤ ፈላጊው ብዙ ነው።